ለአምስት የናስ ነፊዎች የተጻፈ የዘመናችን ሙዚቃ፦ ከየትኛው ሥራ እንጀምር?

ሁለተኛ ትራምፔት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። እኛ አምስት ሰዎች ነን፤ ሁለት ትራምፔት፣ አንድ ፍሬንች ሆርን፣ አንድ ትሮምቦንና አንድ ቱባ። ሁላችንም መንፋት የተማርነው በማርሽ ባንድ ውስጥ ሲሆን፣ ከሥራው ከወጣን በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተገናኘን መለማመድ ከጀመርን ሁለት ዓመት ሆኖናል። እስካሁን የተጫወትነው ለሠርግና ለበዓል የሚሆኑ ዜማዎችን፣ ጥቂት መዝሙሮችንና ከኦርኬስትራ ሥራዎች ለአምስት ሰው ተቀንሰው የተቀናበሩ ነገሮችን ነው። አሁን ግን ከመነሻው ለእነዚህ መሣሪያዎች ታስበው የተጻፉ፣ ይልቁንም ካለፉት ስድሳና ሰባ ዓመታት ወዲህ የተደረሱ ሥራዎችን ይዘን ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል የሚወስድ አነስተኛ ኮንሰርት ለማቅረብ አስበናል።

ዘመናዊ የተባሉትን ሥራዎች ፈልገን ስናዳምጥ ግማሹ ከአቅማችን በላይ ነው፤ ግማሹ ደግሞ ከፊልም ማጀቢያ ሙዚቃ የማይለይ ሆኖብናል። በየትኛው ብንጀምር ይሻላል ትላላችሁ? ከዚህም ሌላ ቱባ ነፊያችን ስመ ጥሩው አሜሪካን ብራስ ኩዊንቴት (ኩዊንቴት የአምስት ሰው ቡድን፣ ወይም ለእንዲህ ያለ ቡድን የተጻፈ ሥራ ነው) በቱባ ፈንታ ባስ ትሮምቦን እንደሚጠቀም ከሰማ ወዲህ ቅር ብሎታል፤ ምክንያቱን የሚያስረዳን ሰው ብናገኝ ደስ ይለናል። ከሁሉም ይበልጥ ያስጨነቀን ግን ድካማችን ነው። በባንድ ሳለን ሁለት ሰዓት ቆመን ስንነፋ ምንም የማይሰማን ሰዎች፣ ለአምስት ሆነን ሃያ ደቂቃ ስንጫወት ከንፈራችን ይከዳናል። ዕድሜ ነው እንዳንል ትልቁ ገና አርባ አምስቱ ነው።

ቀንድ ነፊው

ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልነሳ፤ ለቀሩት ሁለቱ የሚሆነው መልስም ያለው እዚያው ነውና። በማርሽ ባንድ ውስጥ አንዱን ክፍል ሦስትና አራት ሰው በአንድነት ይነፋዋል። አንዱ ሲደክመው መሣሪያውን ከአፉ ሳያላቅቅ ሁለት ኖታ ቢዘል ጎረቤቱ ይሸፍንለታል፤ ይህን የማያደርግ የባንድ ሰው እስካሁን አላየሁም፣ እኔም አድርጌዋለሁ። በኩዊንቴት ግን እያንዳንዱ ሰው ክፍሉን ብቻውን ስለያዘ የሚሸፍንለት የለም። ከንፈር ደግሞ እንደ ቫዮሊን ቀስት አይደለም። በማውዝፒሱ፣ ማለትም ከንፈር በሚያርፍበት መንፊያ፣ እና በጥርስ መካከል ተጭኖ ሲርገበገብ ደም እንደ ልብ ስለማይዘዋወርበት፣ ለጥቂት ሴኮንድ እንኳ ተላቆ ካላረፈ ይዝላል፤ ከዛለ በኋላ ደግሞ ነፊው መሣሪያውን ይበልጥ እየተጫነ ስለሚሄድ ነገሩ ይባባሳል።

በዚህም የተነሣ ለናስ ኩዊንቴት የሚጽፍን ደራሲ እኔ የምመዝነው፣ ማንን መቼ እንደሚያሳርፍ በማወቁ ነው። ከኦርኬስትራ ተቀንሰው የተቀናበሩ ሥራዎች አብዛኛውን ጊዜ የቫዮሊኑን መሥመር እንዳለ ለመጀመሪያው ትራምፔት ያሸክሙታል፤ ያ መሥመር ሲጻፍ ግን ስለ ከንፈር ያሰበ ሰው አልነበረም። የሃያ ደቂቃው ድካማችሁ ምንጩ ይህ ይመስለኛል።

እንግዲህ መጀመሪያ እንድትይዙ የምመክረው ማልኮም አርኖልድ እ.ኤ.አ. በ1961 የደረሰውን የመጀመሪያ የናስ ኩዊንቴት ነው። አርኖልድ በድርሰት ከመታወቁ በፊት የለንደን ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ዋና ትራምፔት ነፊ ስለነበረ፣ ከንፈር ሲከዳ ምን እንደሚመስል ከራሱ ያውቀዋል። ሥራው ሦስት ክፍል ያለውና ከ12 እስከ 13 ደቂቃ የሚወስድ ነው። በፈጣኑ የመጀመሪያ ክፍል ሁለቱ ትራምፔቶች እየተቀባበሉ ይሮጣሉ፤ መካከለኛው ቻኮን ነው፣ ማለትም አንድ አጭር መሠረት እየተመላለሰ በላዩ ላይ አዲስ አዲስ ነገር የሚገነባበት ቀስ ያለ ሙዚቃ ነው፤ መጨረሻው ክፍል እንደገና ይፈጥናል። ከባድ ነው፤ ነገር ግን ክብደቱ የሚቻል ክብደት ነው፤ ጣትንና ምላስን ይፈትናል እንጂ ከንፈርን አይጨርስም።

የተጻፈውም ለኒውዮርክ ብራስ ኩዊንቴት ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ1954 የተመሠረተ ቡድን የእናንተን አደረጃጀት፣ ማለትም ሁለት ትራምፔት፣ ሆርን፣ ትሮምቦንና ቱባ የሚለውን፣ በኮንሰርት አዳራሽ ውስጥ እንዲለመድ ብዙ የደከመ ነው። ከዚያ በፊት ለጥቂት የናስ ነፊዎች የተጻፈ ጥሩ ሙዚቃ አልነበረም ማለቴ አይደለም። በሙያው መሐንዲስ የነበረው የቅዱስ ጴጥሮስቡርጉ ቪክቶር ኤቫልድ የጻፋቸው ኩዊንቴቶች እስከ ዛሬ ይነፋሉ፤ ፍራንሲስ ፑላንክም እ.ኤ.አ. በ1922 ለሆርን፣ ለትራምፔትና ለትሮምቦን ብቻ አንድ ተጫዋች የሆነ ሶናታ ደርሷል። ብዙ ደራስያን ለዚህ አደረጃጀት መጻፍ የያዙት ግን በሥራው የሚኖሩ ቋሚ ቡድኖች ከተገኙ በኋላ ነው።

አንድ ተግባራዊ ምክር ልጨምር። ኖታውን ስታገኙ ከመንፋታችሁ በፊት ሙሉውን ገጽ ዘርግታችሁ የእያንዳንዱን ሰው ዕረፍት በእርሳስ ቀለም ቀቡት። ሥራው ለእናንተ ይሁን አይሁን ከአምስት ደቂቃ በኋላ ታውቁታላችሁ።

ባለ ባሱ

ለቱባ ነፊያችሁ ሰላምታዬን አድርሱልኝ፤ ቅር ሊለው አይገባም። እኔ ሁለቱንም መሣሪያ የነፋሁ ስለሆንኩ ያለ አድልዎ ለመናገር እሞክራለሁ፣ ምንም እንኳ ቱባዬን ብወድም።

አሜሪካን ብራስ ኩዊንቴት እ.ኤ.አ. በ1960 ሲመሠረት ጀምሮ ባስ ትሮምቦንን የመረጠ ቡድን ነው። ነገሩ የሚጀምረው ከቧንቧው ቅርጽ ነው። የትራምፔትና የትሮምቦን ቧንቧ በአብዛኛው ርዝመቱ አንድ ዓይነት ስፋት ይዞ የሚሄድ ሲሆን፣ የሆርንና የቱባ ቧንቧ ግን ከአፉ ጀምሮ እስከ ደወሉ፣ ማለትም ድምፅ እስከሚወጣበት ሰፊ ጫፍ፣ እየሰፋ ይሄዳል። ቀጥ ያለው ቧንቧ ብሩህና ጠርዝ ያለው ድምፅ ይሰጣል፤ እየሰፋ የሚሄደው ክብ፣ ለስላሳና አዳራሹን የሚሞላ ድምፅ ይሰጣል። ባስ ትሮምቦን ርዝመቱ ከተራው ትሮምቦን ጋር እኩል፣ ማለትም ወደ 2.7 ሜትር ገደማ ሆኖ ሳለ፣ ቧንቧውና ደወሉ ስለሚሰፋ በቫልቭ እየታገዘ ዝቅ ብሎ ይወርዳል። ትልቁ ቱባ ግን አምስት ሜትር አካባቢ ነው። ደራሲው አምስቱ መሥመሮች እንደ አምስት ክር ተለይተው እንዲሰሙ ሲፈልግ፣ ለምሳሌ እንደ አሜሪካዊው ደራሲ ኤሊዮት ካርተር ባለው ሙዚቃ፣ የባስ ትሮምቦን ጥርት ያለ አነጋገር ይጠቅመዋል። በጥንት ዘመን፣ በደራሲው በጋብሪዬሊ ቬኒስ፣ የትሮምቦን ወገን ባሱን ይይዝ ስለነበረም ለዚያ ዘመን ሙዚቃ ይስማማል።

በሌላ በኩል ደግሞ ከኒውዮርክ ብራስ ኩዊንቴት መሥራቾች አንዱ ቱባ ነፊው ሃርቪ ፊሊፕስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1970 በቶሮንቶ የተቋቋመውን ካናዲያን ብራስንም ካቋቋሙት ሁለት ሰዎች አንዱ ቱባ ነፊ ነው። የአርኖልድም ኩዊንቴት ለቱባ የተጻፈ ነው። እናንተ ማድረግ ያለባችሁ ኖታ ከመግዛታችሁ በፊት አምስተኛው መሥመር ለየትኛው እንደተጻፈ ማየት ብቻ ነው፤ ለባስ ትሮምቦን የተጻፈን ፈጣንና ዝቅተኛ መሥመር በቱባ መንፋት ይቻላል፣ ነገር ግን የሌሎቹን ድምፅ እንዳይውጠው ነፊው ከለመደው በግማሽ መቀነስ አለበት። የእኛ ችግር ሁልጊዜ ይህ ነበር፤ ቱባው የተቀመጠው ከግድግዳው ጥግ ላይ ስለሆነ ግድግዳው ራሱ ስድስተኛ ነፊ ሆኖብን ነበር።

የድርሰት ተማሪ

የቀንድ ነፊውን መልስ በአክብሮት አነበብኩ፤ ስለ ዕረፍት የተናገሩትንም እቀበላለሁ። ነገር ግን ጠያቂው የዘመናችንን ሙዚቃ ሲጠይቅ የመለስንለት ከስድሳ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሥራ ነው። የአርኖልድ ኩዊንቴት ያማረ ነው፤ ሆኖም ያን ብቻ የሰማ አድማጭ የናስ ቻምበር ሙዚቃ (ለጥቂት ነፊዎች የተጻፈ ሙዚቃ) ማለት ቀልድና ፍጥነት ነው ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከእ.ኤ.አ. 1970 ወዲህ የተሠራው ብዙው ሥራ ሌላ ጥያቄ ነው የሚጠይቀው፤ አምስት ሰዎች አንድ መዘምራን ከመሆን ይልቅ አምስት የተለያዩ ሰዎች ሆነው እንዴት አብረው ይቀመጣሉ የሚለውን።

ኤሊዮት ካርተር እ.ኤ.አ. በ1974 ለአሜሪካን ብራስ ኩዊንቴት የጻፈውን ልብ ብላችሁ አዳምጡት። ነፊዎቹ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት እየሆኑ ይቧደናሉ፤ አንዱ ቡድን ሲቆጣ ሌላው በዝግታ ያወራል፤ ከዚያ ቡድኑ ፈርሶ እንደገና በሌላ መልክ ይሠራል። ያለ ዜማ ሊመስላችሁ ይችላል፤ እኔ ግን በሦስተኛው ጊዜ ነው ጭቅጭቁ የገባኝ። ጆን ታወር የተባለችው አሜሪካዊት ደራሲ እ.ኤ.አ. በ2006 ለዚሁ ቡድን የጻፈችው «ኮፐርዌቭ» ደግሞ ስሙ ከመዳብ የተወሰደ ነው። ደራሲዋ ያደገችው በቦሊቪያ ነውና የላቲን አሜሪካ ምት በሥራው ውስጥ ይሰማል። ክብደትና መተጣጠፍ በአንድ ላይ የሚሰሙበት ሙዚቃ ነው።

ለመጫወት ግን ፖላንዳዊው ደራሲ ቪቶልድ ሉቶስዋፍስኪ እ.ኤ.አ. በ1982 ለፊሊፕ ጆንስ ብራስ አንሳምብል የጻፈውን «ሚኒ ኦቨርቸር» እመክራለሁ። ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሆነ ኮንሰርቱን ለመክፈት ይመቻል፤ ሰሚውም ሳይሰለች አዲስ ነገር ይሰማል።

ቀንድ ነፊው

ወጣቱ ወዳጃችን ያነሣው ትክክል ነው፤ የእኔም ምክር በዚያ ብቻ ቁሙ ማለት አልነበረም። ስለ ሦስቱ ደቂቃ ግን አንድ ነገር ልበል። በናስ ሙዚቃ አጭር ማለት ቀላል ማለት አይደለም። ሚኒ ኦቨርቸር ከተጀመረ በኋላ ለማሰቢያ የሚሆን ጊዜ የለም፤ ከአምስቱ አንዱ ግማሽ ምት ቢዘገይ ሁሉም ይፈርሳል። ደግሞም የሆርን ነፊያችሁን አስቡለት፤ ሆርን የሚነፋባቸው ተፈጥሯዊ ድምፆች፣ ማለትም ቧንቧው ሳይለወጥ በከንፈር ብቻ የሚወጡት፣ ከላይ በኩል እርስ በርሳቸው በጣም የተጠጋጉ ስለሆኑ፣ ከንፈሩ በጥቂቱ ቢስት ጎረቤቱን ድምፅ ይመታል። ቀዝቅዞ ባለ ከንፈር በፕሮግራም መክፈቻ ላይ ይህን ማድረግ ከባድ ነው። እኔ ብሆን ሁለተኛ አደርገው ነበር።

የከንፈር ነገር ሊቃውንቱንም እንደሚፈትን የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። ያኒስ ክሴናኪስ እ.ኤ.አ. በ1963 እና 1964 ለፒያኖና ለአምስት የናስ ነፊዎች፣ ማለትም ለሁለት ትራምፔትና ለሦስት ትሮምቦን «ኤዮንታ» የሚል ሥራ ጻፈ። ነፊዎቹ መድረኩ ላይ ይንቀሳቀሳሉ፤ መሣሪያቸውንም ወደ ፒያኖው ሆድ አድርገው ሲነፉ የፒያኖው ክሮች አብረው ያስተጋባሉ። በመጀመሪያው ዝግጅት ላይ የመራው ፒየር ቡሌዝ አምስቱ ሰዎች እስከ መጨረሻው እንደማይዘልቁት ስላየ ቁጥራቸውን እጥፍ አድርጎ በአሥር ሰው እየተፈራረቁ አስነፍቶታል። ይህ በፓሪስ፣ ከምርጦቹ ነፊዎች ጋር የሆነ ነው። እናንተ በሃያ ደቂቃ ብትደክሙ አታፍሩ።

በአርኖልድና በካርተር መካከል የሚቆም ነገር ከፈለጋችሁ ኤሪክ ኤዌዘን እ.ኤ.አ. በ1987 የጻፈውን «ኮልቼስተር ፋንታሲ» እዩት። አራቱ ክፍሎች በእንግሊዟ ኮልቼስተር ከተማ ባሉ መጠጥ ቤቶች ስም የተሰየሙ ናቸው። ጆሮ የሚወደው፣ ሰፊ ዜማ ያለው ሥራ ነው፤ ጠያቂው እንዳለው ከፊልም ማጀቢያ ጋር የሚቀራረብበት ቦታ መኖሩን አልክድም። እኔ ግን ረዥም ዜማን በአንድ እስትንፋስ መያዝን ለመማር ከእሱ የተሻለ አላውቅም።

ሁለተኛ ትራምፔት (ጠያቂ)

ጋሼ ቀንድ ነፊ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቱባ ነፊያችን የሃርቪ ፊሊፕስን ነገር ሲሰማ ተነሥቶ ቡና ጋበዘን። ኖታ ላይ ዕረፍቱን በእርሳስ ቀብተን ያየነው አንድ የቆየ ቅንብራችንን ነው፤ የእኔ ጓደኛ፣ የመጀመሪያው ትራምፔት፣ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ያረፈው አራት ባር (ኖታው በምት የሚከፈልባቸው አጫጭር ክፍሎች) ብቻ ሆኖ ተገኘ። ነገሩ ያን ጊዜ ገባን።

ሁለት ነገር ልጨምር። በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ ማፈኛ (ደወሉ ውስጥ ገብቶ ድምፁን የሚለውጠውን ዕቃ) አግቡ፣ አውጡ የሚል ትእዛዝ ይበዛል፤ በባንድ ውስጥ ማፈኛ ተጠቅመን ስለማናውቅ እንዴት እንልመደው? ሌላው ደግሞ ከመካከላችን አንዱ በእኛ ቅኝት ለአምስታችን አንድ አዲስ ሥራ ለመጻፍ እየሞከረ ነው፤ አንቺ ሆዬን መርጧል፤ ነገር ግን በፒያኖ ሲሰማ ያምር የነበረው በእኛ አፍ ሲወጣ ይጎረብጣል።

አቀናባሪ

የማፈኛው ነገር የልምምድ ጉዳይ ነው። ቀጥተኛው ማፈኛ ድምፁን ማሳነስ ብቻ ሳይሆን ቀለሙን ያቀጥነዋል፤ ብዙ ጊዜም ቃናውን በጥቂቱ ከፍ ስለሚያደርገው የመቃኛውን ቧንቧ ሳብ ማድረግ ያስፈልጋል። ሆርን ነፊው በእጁ ሙሉ በሙሉ ሲደፍነው ደግሞ ቃናው በግማሽ ድምፅ ያህል ከፍ ስለሚል፣ ነፊው ኖታውን ወደ ታች አዛውሮ መንፋት አለበት። ማፈኛው ወለል ላይ ሲወድቅ የሚሰማው ድምፅ ከማንኛውም ስሕተት ይበልጥ ስለሚያሳፍር፣ ወንበር ላይ ጨርቅ አንጥፋችሁ በቀኝ እጅ በኩል አስቀምጡት። ማፈኛ ማግባት ጊዜ ይፈልጋል፤ ጓደኛችሁም በሚጽፈው ሥራ ላይ ለዚህ ቢያንስ ሁለት ባር ዕረፍት ይተው።

ወደ አንቺ ሆዬ ስንመጣ፣ ችግሩ የሚነፉት ሰዎች አይመስለኝም። ቅኝቱን ከዶ ብንጀምረው ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ይሆናል፤ በውስጡ ሁለት የግማሽ ድምፅ ጥንዶች አሉት። ፒያኖ ላይ ሁለቱ ድምፆች ወዲያው ስለሚከስሙ ፍጭታቸው ያጥራል። ሁለት ትራምፔቶች ዶንና ሬ ፍላትን በአንድ ስፍራ ይዘው ሲቆዩ ግን ድምፃቸው እየተጋጨ ይርገበገባል፤ የሚጎረብጠው እሱ ነው። አንዱን ወደ ትሮምቦን በኦክታቭ ዝቅ አድርጉት፤ ግጭቱ ይላላል፣ የቅኝቱ ጣዕም ግን ይቀራል። ግጭቱን ሆነ ብላችሁ ከፈለጋችሁት ደግሞ አጭር አድርጉት።

ሁለተኛው ምክንያት ከመሣሪያው ተፈጥሮ ይመጣል። የናስ ቧንቧ በራሱ የሚሰጠው አምስተኛው ተፈጥሯዊ ድምፅ ከፒያኖው አቻው በግማሽ ድምፅ አንድ ሰባተኛ ያህል ዝቅ ይላል። በአኮርድ ውስጥ፣ ማለትም ሦስት ድምፅ በአንድነት ሲሰማ፣ ይህ ዝቅታ ጥሩ ነው፤ አኮርዱን ያጠራዋል። በነጠላ ዜማ ግን እያንዳንዱ ሰው ወደ ራሱ መሣሪያ ካዘነበለ ቅኝቱ ይንሸዋረራል። ስለዚህ ቃናውን ትሮምቦኑ ይያዝ፤ ስላይዱን የፈለገበት ቦታ ማቆም ስለሚችል ከአምስታችሁ ነፃው ሰው እሱ ነው። ሌሎቻችሁ እሱን ስሙ።

እንዲያውም ጓደኛችሁ ከአገራችን እምቢልታ ቢማር ደስ ይለኛል። እምቢልታ ናስ ነፊዎች እንደሚነፉት ዓይነት መሣሪያ ሳይሆን የዋሽንት ወገን ነው፤ ነገር ግን ሦስት ነፊዎች እያንዳንዳቸው ሁለትና ሦስት ድምፅ ብቻ ይዘው፣ አንዱ ሲያርፍ ሌላው እየገባ አንዱን ዜማ በጋራ ይሠሩታል። አንድም ሰው ዜማውን ሙሉውን አይነፋውም። ቀንድ ነፊው ስለ ዕረፍት የተናገሩት ሁሉ እዚያ ውስጥ ተሠርቶ ተቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የቤተ መንግሥቱን የናስ ባንድ ካቆሙ ወዲህ፣ የናስ መሣሪያ በአገራችን በአብዛኛው የሰልፍና የአደባባይ ሆኖ ነው የቆየው፤ ሁሉም በአንድነት፣ በሙሉ ድምፅ። እናንተ የለመዳችሁት ያንን ነው። የአንቺ ሆዬው ሥራ ዜማውን ለመጀመሪያው ትራምፔት ሰጥቶ ሌሎቹን አጃቢ ካደረጋቸው፣ እንደገና ያን ባንድ በአምስት ሰው መሥራት ይሆናል። ዜማውን ለአምስቱም ከፋፍሉት።

ሁለተኛ ትራምፔት (ጠያቂ)

ይህን ለጓደኛችን አነበብኩለት፤ የጻፈውን ሁለት ገጽ ቀድዶ እንደገና ጀምሯል። የፕሮግራሙን ተራ እንደሚከተለው አስበነዋል፦ በአርኖልድ እንጀምራለን፤ ቀጥሎ ሚኒ ኦቨርቸር፤ ከዚያ አዲሱ ሥራ ካለቀ እሱ። አርኖልድን መጀመሪያ ማድረጋችን ከንፈር ይጨርስብን ይሆን?

ቀንድ ነፊው

አይጨርስም፤ ነገር ግን የአርኖልድ መጨረሻ ክፍል ካለቀ በኋላ ወዲያው ወደ ሉቶስዋፍስኪ አትግቡ። ከመካከላችሁ አንደበተ ርቱዕ የሆነው ሰው ተነሥቶ ስለ ቀጣዩ ሥራ ሁለት ደቂቃ ለታዳሚው ይናገር። ተናጋሪው ከትራምፔቶቹ አንዱ ባይሆን ይመረጣል፤ እነሱ ዝም ብለው ውሃ ይጠጡ።